ምዕራፍ ሰባት፦ ሦስት ምስክር፣ አንድ ዳኛ

በስቅለት ዓርብ ከሞላሌ እስከ ራቤል፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ሕዝቡ በየደብሩ ሲሰግድ ይውላል። ግንባር መሬት ይነካል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይነካል። ከሰጋጆቹ መካከል አንዳንዱ ገና በጠዋቱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ከድቶት ሳይሆን ግንባሩን ባስነካ ቁጥር ሰማይ ምድሩ ስለሚዞርበት ነው። ጎረቤቱ «ጾሙ ነው ያደከመህ» ይለዋል። ሌላው ደም ማነስ ነው ይላል፤ ሌላው ግፊት፣ ሌላው ምች። ሁሉም ሊሆን ይችላል። ግን ማዞሩ የሚመጣው ሲያጎነብስ፣ ከአልጋ ሲነሣና ሌሊት ሲገላበጥ ብቻ ከሆነ፣ ደቂቃ ሳይሞላም የሚለቀው ከሆነ፣ ነገሩ ከሆድም ከደምም ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ምንጩ የጆሮ ውስጥ ነው፤ ፈውሱም ከክኒን ይልቅ የሠለጠነ እጅ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ እጅ ነው። ባለፉት ምዕራፎች ፊዚዮቴራፒስቱን ያገኘነው ጄሶ ከወጣለት እግርና ከተኮማተረ ትከሻ ጋር ነበር። ሰው ስለ ፊዚዮቴራፒ ያለው ግምትም ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ «የተማረ ወጌሻ» የሚሉም አልጠፉም። ማዞር ያስቸገረው ሰው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይሂድ ቢባል ይገርመዋል። ምክንያቱን ለመረዳት በምዕራፍ አራት ስለ ስትሮክ ስናወራ የያዝነውን ሐሳብ ማስታወስ በቂ ነው፦ አንጎል ያጣውን ሥራ በድግግሞሽ መልሶ ይማራል። እዚያ የተማረው ክንድ ማንሣት ነበር፤ እዚህ የሚማረው ማንን እንደሚያምን ነው።

ችሎቱ

መንዝ የርስት አገር ነበር፤ የርስት አገር ደግሞ የሙግት አገር ነው። በአንድ የወሰን ድንጋይ የተነሣ ክስ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ሚዛንን ለማስረዳት ከችሎት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ከዚያው አንወጣም።

አንጎል ዳኛ ነው እንበል። የሚቀርብለት ጉዳይ ቀን ከሌት አንድ ነው፦ ይህ ሰው ቆሟል ወይስ እየወደቀ ነው? የዞረው እሱ ነው ወይስ ዙሪያው? ዳኛው ራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶበት ስለሚኖር ራሱ ወጥቶ የሚያጣራው ነገር የለም። የሚፈርደው በምስክር ቃል ብቻ ነው። ምስክሮቹም ሦስት ናቸው። አንደኛው ዓይን ነው፤ አድማሱ ቀጥ ብሏል፣ ግድግዳው ቆሟል እያለ ይመሰክራል። ሁለተኛውን በአጭሩ እግር እንበለው፤ ሲዘረዘር የውስጥ እግር ቆዳ፣ የቁርጭምጭሚት፣ የጉልበት፣ የዳሌና የአንገት መገጣጠሚያና ጡንቻ ነው። መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ያዘነብላል፣ ይንሸራተታል የሚለው እሱ ነው።

ሦስተኛው ምስክር ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቀው የውስጠኛው ጆሮ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፣ ከመስሚያው ክፍል ጎን፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። አንዱ ለሌላው ቀጥ ማዕዘን ሠርተው ስለተቀመጡ ራስ ወደየትም ቢዞር ቢያንስ በአንዱ ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረው ፈሳሽ ጸጉር መሳይ ሕዋሳትን ያጎነብሳል፣ መልእክቱም በነርቭ ይሄዳል። ከቱቦዎቹ ሥር ደግሞ ሁለት ከረጢቶች አሉ። በውስጣቸው ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ተነስንሰዋል፤ በጀማ ሸለቆ ያለው የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ማዕድን ማለት ነው። ጠጠሮቹ ክብደት ስላላቸው ራስ ሲያዘነብል ይጎትታሉ፤ ምድር በየት በኩል እንዳለች ዳኛው የሚያውቀው በዚህ ነው።

ከመንዝ አምባ ወደ ጀማ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ሦስቱንም ሳያውቅ ያሠራቸዋል። ጉም ሲወርድ ዓይን ይደናገራል፤ ኮረቱ ከእግሩ ሥር ሲንከባለል የእግር ቃል ይምታታል፤ ያኔ ጆሮ ብቻውን ችሎቱን ደግፎ ያቆማል። ጤነኛ ሰው ሁለቱ ምስክር ቢስቱበት እንኳ በሦስተኛው ይቆማል። የጆሮው ምስክር የተጎዳበት ሰው ቀን በሜዳው ላይ ደህና ይሄድና ሲመሽ ከበረት ወደ ቤት ያለችውን አጭር መንገድ ግድግዳ እየዳበሰ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

የጆሮን ሥራ በገዛ ራስዎ ለማየት ይህን መጽሐፍ በእጅዎ ዘርግተው ይያዙትና ግራ ቀኝ በፍጥነት ያወዛውዙት። ፊደሉ ይደበዝዛል፣ አይነበብም። አሁን መጽሐፉን ፀጥ አድርገው ይያዙና በዚያው ፍጥነት ራስዎን ያወዛውዙ። ይነበባል! ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር ጆሮ ወዲያው፣ የሰከንድ አንድ መቶኛ በሚያህል ጊዜ፣ ዓይንን በዚያው ልክ ወደ ግራ ያዞረዋል። ይህ ቅብብል ባይኖር በእግር እየሄዱ የሰው ፊት መለየት አይቻልም ነበር።

ምስክር ዝም ሲል

ራስ ፀጥ ባለበት ሰዓት የቀኝና የግራ ጆሮ ለዳኛው እኩል ቃል ያቀብላሉ። አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ በቫይረስ ምክንያት፣ የአንደኛው ጆሮ ነርቭ ይቆጣና ዝም ይላል። ዳኛው አሁን የሚሰማው የአንዱን ብቻ ነው፤ የአንዱ ብቻ መናገር ደግሞ በእሱ ቋንቋ «ራስ እየዞረ ነው» ማለት ነው። ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቶ ዓለም ትሽከረከርበታለች፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑም ሳይታዘዝ ወደ አንድ ወገን ቀስ ብሎ ይሸሽና ፈጥኖ ይመለሳል። ባለሙያዎች ይህን የዓይን እንቅስቃሴ ኒስታግመስ ይሉታል። እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ስለምንጠቀምበት ስሙን ይያዙልኝ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይለኛው ማዞር ይበርዳል። የሚያስደንቀው፣ ነርቩ ሙሉ በሙሉ ባይድንም እንኳ ሰውየው ሊድን መቻሉ ነው። ምስክሩ እንደ ቀድሞው አይናገርም፤ ዳኛው ግን አንዱ እንደጎደለ ተረድቶ ሚዛኑን ያስተካክላል፣ ለዓይንና ለእግር ቃል የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ከደህናው ጆሮ የሚመጣውንም እንደ አዲስ ይተረጉማል። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያሠለጥነው ጆሮን አይደለም፤ ዳኛውን ነው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር ይኸው ነው።

ዳኛው ግን ችሎት ሳይቀመጥ አይማርም። ሕመምተኛው ማዞሩን ፈርቶ ራሱን ሳያንቀሳቅስ፣ አንገቱን አድርቆ፣ ቀኑን ሙሉ ከተኛ ችሎቱ ተዘግቷል። ቤተ ሰብ በቅን ልብ «ተኛ፣ አትነሣ» ይላል፤ ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ያስኬድ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን ፈውሱን ያዘገያል። ሲናሪዚንን የመሳሰሉ የማዞር ክኒኖችም እንዲሁ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ የትውከት ቀናት ጠቃሚ ናቸው፤ ለወራት ሲወሰዱ ግን ዳኛውን ያስተኙታል። በየመድኃኒት ቤቱ እየተደጋገሙ ሲገዙ ማየት ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው የማዞሩን ነገር ተጠንቅቆ፣ ተመጥኖ፣ ሆን ብሎ መቀስቀስ ነው።

ይህን በሥርዓት ካስተማሩት መካከል ቀዳሚዎቹ ሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች ናቸው። የጆሮ ሐኪሙ ቴረንስ ካውቶርንና የአካል ሕክምናው ኩክሲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ራሳቸውን የተመቱና ጆሯቸው የተጎዳ ሕመምተኞችን ያክሙ ነበር። ቶሎ ተነሥተው የተንቀሳቀሱት ቶሎ እንደሚድኑ አዩ። ስለዚህ ሕመምተኞቹን ሰብስበው መጀመሪያ ዓይን ብቻ፣ ቀጥሎ ራስ፣ ቀጥሎ ቆሞ ኳስ መወርወር፣ ከዚያ ዳገትና ደረጃ፣ ዓይን ተከፍቶም ተጨፍኖም አሠሯቸው። ዛሬም ድረስ በስማቸው የሚጠራው ልምምድ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሙያውን የፊዚዮቴራፒስት ሙያ ያደረጉት ራሳቸው ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው፤ አሜሪካዊቷ ሱዛን ኸርድማን እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመችው የመማሪያ መጽሐፍ ለብዙ አሠልጣኞች መነሻ ሆኗል።

ምስክር ሲሳሳት

ወደ ሰጋጁ እንመለስ። የእሱ ጆሮ ዝም አላለም፤ የተሳሳተ ቃል ነው የሚሰጠው። በከረጢቶቹ ውስጥ የነበሩት ጠጠሮች በእርጅና፣ በራስ ምት ወይም ያለ ግልጽ ምክንያት ተላቀው ወደ አንዱ ቱቦ ይገባሉ። ራስ ሲያጎነብስ ወይም በአልጋ ላይ ሲዞር ጠጠሮቹ በቱቦው ውስጥ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹን ይገፋሉ፣ ምስክሩም «በኃይል እየዞርን ነው» ብሎ ይጮኻል። ጠጠሩ ሲረጋ ጩኸቱም ይቆማል። ሕመሙ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቢፒፒቪ ይባላል፤ ከጆሮ ከሚመጡ የማዞር ዓይነቶች እጅግ የተለመደው እሱ ነው። ዳኛውን ማሠልጠን እዚህ ላይ ዋናው መፍትሔ አይደለም። ምስክሩ እጅ ተይዞ ይታረማል።

እንዴት እንደሚታረም ከቅርብ እንይ። ከጓሳ ሥር ካለ መንደር ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ የስድሳ ዓመት እናት እናስብ፤ ልጃቸው ደግፋቸዋለች። ወጣቱ ፊዚዮቴራፒስት አስቀድሞ ስለ አንገታቸው ይጠይቃል፦ ወድቀው ያውቃሉ ወይ፣ አንገታቸው ይንቀሳቀሳል ወይ። ከዚያ አልጋው ላይ ወደ ጫፍ ሳይሆን ወደ መካከል ያስቀምጣቸዋል፣ ጋቢ ጠቅልሎ ሲተኙ ትከሻቸው የሚያርፍበት ቦታ ያደርጋል፤ ራሳቸው ከትከሻቸው ዝቅ እንዲል። ሻሻቸው ስለሚያንሸራትት ፈቃድ ጠይቆ ያስወልቃቸዋል። «እማማ፣ አሁን ፈጥነን ወደ ኋላ እንተኛለን፤ ያዞርዎታል። ከኔ እጅ አይወጡም። ዓይንዎን ግን እንዳይጨፍኑብኝ።» እሳቸውም «እህ፣ ልጄ፣ እንዳትለቀኝ ብቻ» ይላሉ።

ራሳቸውን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙሮ በአንድ ትንፋሽ ያስተኛቸዋል። ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም። ያልሠለጠነ ሰው በዚህች ፋታ ተሳስቶ «ደህና ነው» ብሎ ያነሣቸዋል። የሠለጠነው ይጠብቃል። ከዚያ እናትየው ይጮኻሉ፣ ክንዱን ጨምድደው ይይዛሉ፣ ዓይናቸውን ለመጨፈን ይታገላሉ፤ እሱ የሚያየው ግን ዓይናቸውን ነው። የዓይኑ ብሌን እየተጠማዘዘ ወደ ታችኛው ጆሮ ይሽከረከራል፣ ወደ ግንባርም ይዘላል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ደክሞ ይቆማል። መዘግየቱ፣ አቅጣጫውና መድከሙ ሦስቱ ተደምረው ጠጠሩ በቀኝ ጆሮ በኋለኛው ቱቦ ውስጥ እንዳለ ይናገራሉ። ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1952 ዝርዝሩን በጻፉት በማርጋሬት ዲክስና በቻርልስ ሃልፓይክ ስም ይጠራል።

ሕክምናው ከዚያው ይቀጥላል። ሳይነሡ፣ ራሳቸውን ቀስ አድርጎ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ያዞራል፤ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ወይም ማዞሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል። በግራ ጎናቸው እንዲተኙ አድርጎ አፍንጫቸው ወደ ወለሉ እንዲያመለክት ያዞራቸዋል፤ እንደገና ይጠብቃል። ከዚያ ደግፎ ያስቀምጣቸዋል። ጠጠሩ በቱቦው ዙሪያ በገዛ ክብደቱ ተጉዞ ወደ ከረጢቱ ተመልሷል። ሁሉም አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አብዛኞቹ ሕመምተኞች በአንድ ወይም በሁለት ሦስት ጊዜ ይሻላቸዋል። ጠጠሩ በጎንዮሹ ቱቦ ውስጥ ከገባ ግን አያያዙ ሌላ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዓይንን ማንበብ መማር ግድ ይላል።

ይህን ዘዴ ያወጣው የኦሪገኑ አሜሪካዊ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በየጉባኤው ሲያሳይ የሙያ ባልደረቦቹ ተሳለቁበት፤ ሕመምተኛን አገላብጦ ማዳን ቀልድ መሰላቸው። ጽሑፉ የታተመው ከብዙ ዓመት ሙግት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በፈረንሳይ አገር ሌላ የማገላበጥ ዘዴ ያወጣው አላን ሴሞንም ፊዚዮቴራፒስት ነበር፤ ሥራው የወጣው ከኤፕሊ አራት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሙያው በእጅ ስለሚሠራ ብቻ የሚንቁት ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ችሎቱ ራሱ ሲታመም

ማዞርን ማከም የሚማር ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው የማይነካውን ማወቅ ነው። ማዞር አንዳንዴ የስትሮክ ምልክት ነው። ንግግር ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ክንድ ወይም እግር ከዛለ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወይም ሰውየው ተደግፎም መቆም ካቃተው ልምምድ የለም፤ ሆስፒታል ነው፣ ያውም ፈጥኖ።

ከፈተናዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚለይ ለብቻው ልንገርዎት። ሕመምተኛው ያለማቋረጥ ለሰዓታት እየዞረበት ነው እንበል። ባለሙያው የሕመምተኛውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ «አፍንጫዬን ብቻ እዩ» ይልና ድንገት፣ በጣም በትንሹ ወደ ጎን ያዞረዋል። ጆሮው የተጎዳ ከሆነ ዓይኑ ከራሱ ጋር አብሮ ይሄድና ዘግይቶ ወደ አፍንጫው ዘሎ ይመለሳል። ዓይኑ ንቅንቅ ሳይል አፍንጫው ላይ ከቀረስ? ጆሮው ደህና ነው ማለት ነው። ደስ የሚል ዜና ይመስላል፤ በዚህ ሕመምተኛ ላይ ግን ክፉ ዜና ነው። ምስክሩ በትክክል እየመሰከረ ፍርዱ ከተዛባ ጥፋቱ ያለው በዳኛው ዘንድ ነው፣ በአንጎል። ፈተናው ደህና ሲሆን መደንገጥ፣ ተማሪዎች ለመልመድ ጊዜ የሚወስድባቸው ነገር ነው።

የጥያቄው አጠያየቅም እንዲሁ ይሠለጠናል። አንድ ሰው «ያዞረኛል» ሲል ዓይኑ ጨልሞበት፣ ራሱ ቀልሎት፣ እግሩ ተንገዳግዶ ወይም ክፍሉ ተሽከርክሮበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው «ምን ይሰማዎታል» ከሚለው ይልቅ «መቼ ይነሣል፣ ምን ያስነሣዋል፣ ምን ያህል ይቆያል» በሚለው ይበረታል። በሰከንዶች የሚያልፍና በመገላበጥ የሚመጣ ከሆነ ወደ ጠጠሩ ይጠቁማል። ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ ሜኒየር ወደሚባለው ሕመም ያመለክታል። ተነሥቶ ሲቆም ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ግፊቱን ተኝቶና ቆሞ መለካት ነው፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ነገሩ የደም ዝውውር ነው። በጾም ወራት ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ገበሬ እዚህ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ የጎረቤቱ ግምት ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም ያልሁት ለዚህ ነው።

ሁለቱም ጆሮ ዝም ሲል

ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ተገኝቶ የሳንባ ነቀርሳን የመጀመሪያ ድል ሲያበስር የውስጥ ጆሮን የሚዛን ሕዋሳት እንደሚገድል ቶሎ ታወቀ። ጄንታማይሲንም ያው ጠባይ አለው። በአገራችን ስትሬፕቶማይሲን ለብዙ ዘመን የቲቢ መርፌ ሆኖ አገልግሏል፤ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢም ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ይሰጡ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሕክምና እነዚህን ሁለቱን የተወው በቅርቡ ነው። ነፍስ ያተረፈ መርፌ ነውና የሚወቀስ አይደለም። ነገር ግን ከሳንባው ድኖ ሚዛኑን ያጣ ሰው ተርፏል።

እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በራሱ የደረሰውን ጽፎ አሳትሟል። ስትሬፕቶማይሲን ሁለቱንም ጆሮውን ወስዶበት ነበር። አልጋው ላይ ሆኖ ለማንበብ ሲሞክር የልቡ ምት ብቻ ራሱን ስለሚነቀንቀው ፊደላቱ ይዘሉበት ነበር፤ ራሱን በአልጋው ብረት መካከል አጣብቆ ነው ማንበብ የቻለው። በመንገድ ላይ የሚያውቃቸውን ሰዎች ፊት ለመለየት መቆም ነበረበት። ቆይቶ ግን በዓይንና በእግሩ መታመንን ተማረ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ዳኛው በሁለት ምስክር መፍረድን ለመደ።

እንዲህ ያለውን ሰው ለመመርመር የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ብቻ ነው። ጫማ አውልቆ፣ እግሩን ገጥሞ በወለሉ ላይ ይቆማል፤ ሦስቱም ምስክር አሉ። ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንዱ ከችሎት ወጣ። ስፖንጁ ላይ ይወጣል፤ የእግር ቃል ተምታታ። ስፖንጁ ላይ ቆሞ ዓይኑን ሲጨፍን የቀረው ጆሮ ብቻ ነው፤ ጆሮው ከሌለ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ ከኋላው እጁን ዘርግቶ ይቆማል እንጂ ፊት ለፊት ሆኖ አይጽፍም።

ማን ይማረዋል?

በኢትዮጵያ በዲግሪ ደረጃ ፊዚዮቴራፒን ማስተማር ረጅም ታሪክ የለውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የከፈተው እንደ እኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ የዶክተር ኦቭ ፊዚካል ቴራፒ መርሐ ግብር ሲጀምር የጃክሰን ክሊኒክስ ፋውንዴሽን በጎ ፈቃደኛ አሜሪካውያን አስተማሪዎችን እያመላለሰ አግዟል። ተማሪዎቹ ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከነርቭ ጋር ይጠመዳሉ፤ የማዞር ሕክምና በዚህ መካከል የሚገባ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ተመርቀው ከወጡ በኋላ በስብራትና በስትሮክ ብዛት ተውጠው የዓይን ማንበብን ነገር የሚረሱት ብዙ ናቸው ብል ማንም የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

ትምህርቱ በመጽሐፍ ብቻ አይገባም። ተማሪ ተማሪን አስተኝቶ ይለማመዳል፤ የጓደኛውን ራስ በትክክል 45 ዲግሪ ለማዞር እጅ ደጋግሞ መሳሳት አለበት። አንዱ በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ይዞርና ድንገት ቆሞ ዓይኑን ሲገልጥ ሌሎቹ ከብበው ኒስታግመሱን ያያሉ፤ ደህና ጆሮ ምን እንደሚመስል ያላየ የታመመውን አይለየውም። በበለጸጉ አገሮች ዓይንን አጉልቶ የሚያሳይ የፍሬንዜል መነጽርና ካሜራ ያለው መሣሪያ አለ። መሣሪያው ጥሩ ነው። ካልተገኘ ግን በስልክ የተቀረጸ የሠላሳ ሰከንድ የዓይን ቪዲዮ በቴሌግራም ለአንገት በላይ ሐኪም ተልኮ ብዙ ነገር ሊፈታ ይችላል።

የኔን ሐሳብ ልናገር፦ ሙሉውን የሚዛን ማገገሚያ የፊዚዮቴራፒስት ሙያ አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው፤ የጠጠሩን ፈተናና ሕክምና ግን መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ላሉት የሆስፒታል ነርሶችና የጤና መኮንኖችም ማስተማር ይቻላል። አልጋና ጋቢ ብቻ ለሚጠይቅ የአሥር ደቂቃ ሕክምና ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ፣ በሞላሌ በኩል ጣርማ በር ወጥቶ ደብረ ብርሃን ድረስ መሄድ፣ ያውም እያዞረው ለሚጓዝ ሰው፣ ፍርደ ገምድል ነው።

የዳገት ልምምድ

ዳኛውን የማሠልጠን ሥራ ግን ሆስፒታል ውስጥ አያልቅም። ከልጅ ደብተር ላይ አንዲት ፊደል ቆርጦ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ፊደሏን እያዩ ራስን ግራ ቀኝ ማወዛወዝ፤ ፍጥነቱ ፊደሏ ሳትደበዝዝ የሚቻለው ያህል ነው። የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስቶች መመሪያ ለአዲስ ጉዳት በቀን ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ በድምሩ ቢያንስ 12 ደቂቃ፣ ለቆየው ደግሞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይላል። ሲሠሩ ትንሽ ሊያዞር ይገባል፤ ምንም ካላዞረ ዳኛው አልተጠራም። ሠርተው ካበቁ በኋላ ሰዓታት የሚያስተኛ ከሆነ ደግሞ መጠኑ በዝቷል።

አካሄዱ ከአገሩ ጋር መስማማት አለበት። መጀመሪያ በደልዳላው ሜዳ፣ መንገደኛ ሰላም እንደሚል ሰው ግራና ቀኝ እያዩ መራመድ። ቀጥሎ ጓል በበዛበት እርሻ ላይ። ከዚያ በማታ ብርሃን፣ ሰው አጠገብ እያለ። ዳገትና ቁልቁለቱ የመጨረሻ ነው። ዱላ መያዝ አያሳፍርም፤ በጣት በኩል ለሁለተኛው ምስክር ተጨማሪ ቃል ያቀብለዋል፣ ካህናቱም ማሕሌት ሲያድሩ መቋሚያ አይለያቸውም። ሲሻል በደልዳላው ሜዳ ላይ ዱላውን መተው፣ ለቁልቁለቱ ግን መመለስ። እስከዚያው ገደል አፋፍ ላይ ከብት መጠበቅ፣ ጣሪያ መክደን፣ በቅሎ መጫን የለም። ይህን ሳይናገር ሕመምተኛን የሚያሰናብት ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

የጠጠሩ ሕመም ደግሞ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወጣቱ ፊዚዮቴራፒስት እናትየውን ከማሰናበቱ በፊት ልጃቸውን አልጋው አጠገብ ያቆማትና እጇን በእናቷ ራስ ላይ አድርጎ ቅደም ተከተሉን አንድ ጊዜ ያስኬዳታል። በካርዳቸው ላይም የትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ የትኛው ቱቦ፣ ስንት ጊዜ እንደተሠራና ቀኑን ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያያቸው የመሐል ሜዳው ባለሙያ ከቀኝ እንዲጀምር።